ከመቅደላ ተወስደው ለወገናቸው የተመለሱት ሐኪም

ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የደከሙ ሰዎች ሲነሡ አሳባችን ወዲያው ወደ አሜሪካው ማርቲን ሉተር ኪንግ ይሄዳል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከእኛው ከጎንደር የወጡ ሰው ስላሉን፣ ዛሬ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት እናስታውሳለን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ፣ ገና ሕፃን የነበሩትን ወርቅነህን የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገለገሉ። አገራቸውን ዳግመኛ ያዩት ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸው ይነገራል።

በዚያን ዘመን በአገራችን ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ስለ ባሪያዎች ነፃነት ዐዋጅ ወጣ። ይሁን እንጂ ነፃ የወጣ ልጅ ፊደልና ሙያ ከሌለው ወዴት ይገባል? ሐኪም ወርቅነህ በአዲስ አበባ ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቁመው ደከሙ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም መሩ፤ ኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ይሟገቱ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ በተፈጸመው ግፍ ዮሴፍና ብንያም የተባሉት የተማሩ ልጆቻቸው ተገደሉባቸው። ይህን ሁሉ ኀዘን ተሸክመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኛስ? ባርነት በሕግ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን በየመንደራችን ሸክላ የምትሠራዋን እናትና ብረት የሚቀጠቅጠውን አባት ቡዳ ብሎ መሸሽ አልጠፋም። በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ እየበላን፣ በማረሻው እያረስን፣ ከልጆቻቸው ጋር ማዕድና ጋብቻ እንሸሻለን። እኛም ራሳችን በተማርንበት ክፍል አጠገቡ የሚቀመጥ አጥቶ ብቻውን የሚውል ልጅ እያየን ዝም ብለናል። ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

ከበየዳ ተነሥተን ለትምህርት ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር የምንወርድ ወጣቶች፣ ስንመለስ ይዘነው የምንገባው የምስክር ወረቀት ብቻ እንዳይሆን። በመጪው እሑድ ማንም አጠገቡ ከማይቀመጠው ልጅ ጎን እንቀመጥ፤ ለበዓልም ቤታችን እንጥራው። ቤተሰቦቻችን ቢቈጡ በትሕትና እናስረዳቸው፤ ከልጁ አጠገብ ግን አንነሣ።