ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋት ጦርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከጣርማ በር አፋፍ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የይፋት ቆላ ይገኛል። ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን ክርስቲያንና እስላም የተዋጉበት ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ንጉሥ የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን የዐፄ ይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ ሲሆኑ ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ነገሡ። በዚያን ጊዜ ይፋትን የሚገዙት የወላስማ ሱልጣኖች ነበሩ። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በአገራቸው ያልፍ ስለ ነበረ የጠቡ ምክንያት ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ንግድና ግብርም ነበረበት። ወላስማዎች ቀደም ብሎ በ1285 ወግተው የያዙት የሸዋ ሱልጣኖች መንግሥት እንደ እነርሱ እስላም መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

በ1321 በግብፅ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰው ነበርና ንጉሡ ወደ ካይሮ መልእክተኛ ልከው እንዲታነጹ ጠየቁ፤ እምቢ ቢባሉ በአገራቸው ያሉትን መስጊዶች እንደሚያፈርሱና የዓባይን ውኃ እንደሚያስቀሩ አስጠነቀቁ። የይፋቱ ሱልጣን ሐቀዲን ደግሞ ከግብፅ ይመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ ይዘው ስለ ገደሉት ጦርነት ተነሣ። ንጉሡ ድል አድርገው የሐቀዲንን ወንድም ሰብረዲንን ሾሙ። በ1332 ሰብረዲንም ሸፈቱ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ክርስቲያኖች ተገደሉ። ንጉሡ ዘመቱ፤ የይፋት አገርም ተዘረፈ። ሰብረዲን እጃቸውን ሰጥተው ታሰሩ። ይህን የሚተርከው በግእዝ የተጻፈው ዜና መዋዕል ሲሆን የሚናገረውም ከንጉሡ ወገን ሆኖ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ንጉሡ በይፋት ላይ የሾሙት ክርስቲያን መስፍን ሳይሆን የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ ይፋትን ያለ እስላም ገዥ ማስተዳደር አልሆነላቸውም። ጦርነቱም እየበረደ እየተነሣ እስከ ኢማም አሕመድ ዘመን፣ እስከ 1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ውጊያ ደረሰ።

እኚሁ ንጉሥ የአባታቸውን ሚስት በማግባታቸው የገሠጿቸውን አባ አኖሬዎስን እንዳስገረፉ ገድል ይነግረናል። እንግዲህ በመስቀል ስም መዝመት ብቻውን ትእዛዙን መጠበቅ አይደለም። ጦር ያልያዙት መነኩሴ ግን እየተገረፉ ለእውነት ቆሙ።

እኛ ወጣቶች ከሁለቱ የማንን ፈለግ እንከተል? በ2013 ዓ.ም. በጎረቤታችን በአጣዬ የደረሰው ቃጠሎ ገና ከልባችን አልጠፋም። የይፋት ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በሐዘንና በደስታ ይጠራራል። ያለፈውን ታሪክ ቂም ለማደስ የሚያነሣ ቢመጣ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንንገረው። የአባ አኖሬዎስ ረድኤትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።