ዋጊኖስ፣ አጣጥና ሞሪስ ኩፕቻን

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖር ባላገር ዋጊኖስና አጣጥ እንግዳ ዕፆች አይደሉም። ዋጊኖስ መራራ ነው፤ ሆድ ሲታወክ፣ ቁስልም አልድን ሲል ይፈለጋል። አጣጥ እሾኻም ነው፤ ለአጥርም ለማገዶም ይቆረጣል። ከዋጊኖስና ከአጣጥ ወገን ከሆነ አንድ ዛፍ የተገኙ ሁለት ንጥረ ነገሮች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቤተ ሙከራ ተለይተው ታወቁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቤተ ሙከራው ባለቤት ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻን ነበሩ።

ኩፕቻን በ1922 በኒው ዮርክ ተወለዱ። በዚያችው ከተማ ተምረው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ በሃርቫርድ አስተማሩ፤ ቀጥሎም ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የመጀመሪያ ዝናቸው ከካንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ቬራትረም ከተባለ መርዛም ተክል የሚገኙና የደም ግፊትን የሚቀንሱ ንጥረ ነገሮችን አወቃቀር በመፍታት ነበር የታወቁት። መርዝና መድኃኒት በአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ገና በዚያ ሥራ ማየታቸው ለኋለኛው ሕይወታቸው ስንቅ ሆኗል።

በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ከዓለም ዙሪያ ዕፀዋትን እያሰባሰበ በዕጢ ላይ መፈተን ጀመረ። ኩፕቻን በዚህ ዘመቻ ግንባር ቀደም ከሆኑት ኬሚስቶች አንዱ ነበሩ። የሥራቸው ስልት ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ግን አድካሚ ነው። ደረቁ ዕፅ ተፈጭቶ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው በልዩ ልዩ ፈሳሾች እየተከፋፈለ እያንዳንዱ ክፍል በካንሰር ሕዋሳትና ዕጢ ባለባቸው አይጦች ላይ ይሞከራል። ኃይል የሌለው ክፍል ይጣላል፤ ኃይል ያለው እንደገና ይከፈላል። እህል የምታንጠረጥር ሴት እንክርዳዱን ደጋግማ እንደምትለቅም ሁሉ ሥራው አንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር እስኪቀር ድረስ ይቀጥላል።

ኩፕቻን ዕጢን የሚገቱ ንጥረ ነገሮችን በተመለከተ ያወጧቸው ተከታታይ ጽሑፎች የመጀመሪያው በ1962 ታተመ። የተነሣበት ጉዳይ ከአንድ የሕንድ ሐረግ የተገኘው አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ይህ አጀማመር የሚያስገርም ነው። ንጥረ ነገሩ በቤተ ሙከራ ዕጢን ገታ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ኩላሊትን በመጉዳቱ ሙከራው ተቋረጠ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ባህላዊ ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆነ፤ ምርመራው ይኸው አሲድ በዕፁ ውስጥ እንደነበረ አሳየ። ጥቂት ቆይቶም ከሴቶቹ በብዙዎቹ የሽንት መተላለፊያ ላይ ካንሰር ተገኘ።

ዕጢን የገታው ንጥረ ነገር ዕጢን የሚያበቅልበት ምክንያት በዲኤንኤ ጥገና ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። የእያንዳንዱ ሕዋስ ዲኤንኤ ዘወትር ይጎዳል፤ ሕዋሱም የተበላሸውን ቆርጦ የሚያወጡና በትክክለኛው የሚተኩ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ፕሮቲኖች ጉዳቱን ከሚለዩባቸው ምልክቶች ዋነኛው የዲኤንኤው ጥምዝ መጣመም ወይም መላላት ነው። አሪስቶሎኪክ አሲድ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ አዴኒን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ሲጣበቅ ጥምዙን እምብዛም አያናጋም። ስለዚህ መላውን ዲኤንኤ የሚቃኘው ጥገና ያልፈዋል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በሥራ ላይ ያለ ዘረ መል ሲነበብና ንባቡ በዚያ ቦታ ሲገታ ብቻ ነው። ያልተጠገነው ፊደል ሕዋሱ ሲባዛ በሌላ ፊደል ይተካል። ስሕተቱ የሕዋስን ዕድገት በሚቆጣጠር ዘረ መል ላይ ካረፈ የዕጢ መነሻ ይሆናል። ይህ ሁሉ የታወቀው ኩፕቻን ካለፉ በኋላ ነው፤ በ1962 የዲኤንኤ ጥገና ጥናት ራሱ ገና በዳዴ ላይ ነበር።

በዚያን ዘመን ከነበሩት የካንሰር መድኃኒቶች ብዙዎቹ ዲኤንኤን የሚመቱ ነበሩ። ችግራቸውም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ የካንሰሩ ሕዋስ ጉዳቱን ጠግኖ ሊያመልጥ፣ ጤነኛው ሕዋስ ደግሞ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ኩፕቻን ወደ ቨርጂኒያ ከተሻገሩ በኋላ ከኢትዮጵያ ዕፆች ያገኟቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች ግን ዒላማቸው ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው በ1972 ይፋ የሆነው ሜይታንሲን ነው። ዕፁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ፣ ከአጣጥ ወገን የሆነ ዛፍ ነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ዕፅ የሚገኘው ንጥረ ነገር አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር፤ ኃይሉ ግን በማይክሮ ግራም የሚለካ ነበር። ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው በ1975 በባሕር ፍጡራን እንቁላል ላይ ባደረጉት ጥናት ሜይታንሲን የሕዋስ መከፈልን እንደሚያስቆም አሳዩ። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት የሚጎትቱ ክሮች ይፈተላሉ፤ ሜይታንሲን ክሮቹ የሚሠሩበትን ፕሮቲን ስለሚይዝ ፈትሉ ይቋረጣል።

ሁለተኛው በ1973 ከዋጊኖስ የተገኘው ብሩሴአንቲን ነው። ስሙ የዕፁን የሳይንስ መጠሪያ የተከተለ ሲሆን መጠሪያው ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የኖረውን ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ያስታውሳል። ብሩስ ከአገራችን ሲወጣ በደም ተቅማጥ ታሞ በዋጊኖስ መታከሙን በጉዞ መጽሐፉ መዝግቧል። ኩፕቻን ዕፁ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና እንደሚውል ጠቅሰዋል። ይህን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። በባላገሩ አነጋገር ነቀርሳ ሲባል አልድን ያለ ቁስልና የማይጠፋ እብጠት ሁሉ ሊጠቃለልበት ስለሚችል የባህል ሐኪሙ ያከመው በሽታ የዛሬው ሐኪም ካንሰር የሚለው ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ጥቆማው ፍሬ አፍርቷል፤ ብሩሴአንቲን ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ በማገድ በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን በእጅጉ ተቋቁሟል።

ኩፕቻን በ1976 ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ አረፉ። በዚያ ጊዜ ሜይታንሲን በሕሙማን ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር። ውጤቱን ለማየት ቢታደሉ ኖሮ ባዘኑ ነበር፤ የሚፈውሰው መጠንና የሚጎዳው መጠን እጅግ ተቀራርበው ስለተገኙ ሙከራው በ1980ዎቹ ተተወ። ኋላ ላይ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የጉዳቱ ምክንያት የሆነውን ኃይል ለመጠቀም ዘዴ ፈጠሩ። ከሜይታንሲን የተሠራውን ንጥረ ነገር የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አጣበቁት፤ መርዙም በአመዛኙ የሚለቀቀው አንቲቦዲው ወደተጣበቀበት ሕዋስ ከገባ በኋላ ሆነ። መድኃኒቱ በ2013 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። የሚሠራበት መነሻ ንጥረ ነገር ግን ዛሬ የሚገኘው ከዛፍ ሳይሆን ከሚራባ ባክቴሪያ ነው፤ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮችን የሚያመነጭ ባክቴሪያ መኖሩ የታወቀው ኩፕቻን ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1977 ነበር።

የዋጊኖሱ ብሩሴአንቲን ዕድል ሌላ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ የተጠበቀውን ያህል ዕጢን ስላልቀነሰ ተቋረጠ። በ2000ዎቹ የደም ካንሰር ሕዋሳትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እንደገና አንሥተውት ነበር፤ ወደ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ግን አልደረሰም።