ካርታ የነደፈው ፈረሰኛ

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ፤ የምኖረውም ድሬዳዋ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስናወጋ ጓደኞቼ የከተማችንን ታሪክ ከባቡሩ ይጀምራሉ። እውነት አላቸው፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ ባልኖረችም ነበር። እኔ ግን ከባቡሩ በፊት በዚህ በረሃ ስላለፈ አንድ ሩሲያዊ ማውራት ይቀናኛል። ስሙ አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው።

ከጅቡቲ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ ያን ጊዜ በስተሰሜን ምሥራቃችን ባለችው በጀልዴሳ በኩል ነበር። በሚያዝያ 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ቁስለኞች የሚመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ይህን የ25 ዓመት የፈረሰኛ መኮንን መልእክተኛ አድርጎ አስቀደመው። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በግመል በ90 ሰዓት ጨረሰው። በዚያ መንገድ የኖሩት መልእክተኞች እንኳ እንዲህ አይፈጥኑም ነበር።

በብዙ አገር መሐንዲሱና ቀያሹ በአዘቦት ቀን በቢሮው ይውልና በዓመት ጥቂት ቀናት በተጠባባቂ ጦር የካርታና የምህንድስና ክፍል ያገለግላል። ቡላቶቪች የዚህ ግልባጭ ነው። እሱ ወታደርነቱ መደበኛ፣ ቀያሽነቱ ትርፍ ሥራ ነበር። ሆኖም ስሙን ያስጠራው ትርፍ ሥራው ሆነ።

በ1890 ዓ.ም. እንግሊዝ ከደቡብ፣ ፈረንሳይ ከምዕራብ ወደ ነጭ ዓባይ ሲገሰግሱ፣ አፄ ምኒልክ ጦራቸውን በየአቅጣጫው ላኩ። ከፋን በያዙት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የሚመራው ጦር ወደ ሩዶልፍ፣ የዛሬው ቱርካና ሐይቅ፣ ዘመተ። ቡላቶቪች በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አብሮ ሄደ። ጦሩ በየዕለቱ ሲጓዝ እሱ ፀሐይን እየለካ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያሰላል።

ይህ በሳተላይት ለለመድነው ቀላል ይመስላል። ኬንትሮስ ግን በሰዓት ነው የሚገኘው። ሰዓቱ በአራት ሰከንድ ከተሳሳተ ነጥቡ በካርታው ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ያ ሰዓት ደግሞ ከሰውና ከእንስሳት ጋር ጫካና ተራራ እየወጣና እየወረደ የሚንገጫገጭ ነው! ሙያውን የምናውቅ ሰዎች ባርኔጣችንን ብናነሳለት አይበዛም።

እውቀቱን ባደንቅም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያ ካርታ የተነደፈው በዘመቻ ላይ ነው። ባዶ ሆኖ የሚታየው ቦታ ሰው የሚኖርበት አገር ነበር። በደቡብ ምዕራብ ያገኘውን የተራራ ሰንሰለት በዳግማዊ ኒኮላስ ስም ሰየመው፤ ተራሮቹ ከእሱ በፊት ስም የሌላቸው ይመስል! ያ ስም ዛሬ የለም፤ አልጸደቀም። ይሁንና ቡላቶቪች ያየውን አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ በከፋ መንገድ ላይ ስለተበተነው የሰው አጥንት ጽፏል። ምኒልክን እያደነቀ፣ ጦሩን እየወደደ ነው ይህንን የጻፈው። ብዙ ጸሐፊዎች ከሁለት አንዱን መርጠው ያልፋሉ።

በዚያው ዘመቻ ላይ አካሉ የተጎዳ አንድ ሕፃን አገኘ። አስታመመው፤ ቫስካ ብሎም ጠራው። ወደ ሩሲያም ይዞት ሄደ። ልጁን በካርታ ላይ በየት ነጥብ እንዳገኘው ማስላት ለእሱ አያዳግተውም ነበር። ከእናቱ እጅ የወጣበትን ምክንያት ግን የትኛውም የቅየሳ መሣሪያ አያሳይም።

ምኒልክ ሸለሙት፤ የሩሲያ ጂኦግራፊ ማኅበርም ሜዳሊያ ሰጠው። እሱ ግን በማንቹሪያ ከተዋጋ በኋላ ሠራዊቱን ትቶ መነኮሰ፤ አባ እንጦንስ ተባለ፤ በአቶስ ተራራም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበር። ካርታና መሣሪያ ሳይሆን ጸበልና ጸሎት ይዞ መጣላቸው። በግመል 90 ሰዓት የታገለውን በረሃ በዚያን ጊዜ ባቡር ይሻገረው ነበር፤ ድሬዳዋም ተቆርቁራለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በእግዚአብሔር ስም ላይ በተነሳው ክርክር መሪ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ጋር ተጋጨ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በግንባር ካህን ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1919 መጨረሻ፣ ባደገባት በሉትሲኮቭካ መንደር፣ ሌሊት ሽፍቶች ገደሉት።