አፄ ምኒልክ፣ የእንግሊዙ መኪናና የእጅ ባለሙያው

እዚሁ ሐዋሳ አንድ ወዳጄ አሮጌ መኪና ሊገዛ ነው። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ኤምጂ ሚጅት የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ናት። እንግሊዝ አገር አቢንግደን በተባለች ከተማ ከ1961 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ስትሠራ የቆየች ናት። ይህችኛዋ ግን ለዓመታት አንድ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ኖራለች። ወለሏን ዝገት በልቶታል፤ የኋላ መቀመጫ የሌላት መሆኑ ዶሮዎቹን እንቁላል ከመጣል አላገዳቸውም።

ወዳጄ የሕግ ሰው ነህ ብሎ አማከረኝ። ሊብሬው በሟች ስም ስለሆነ የወራሾቹን የፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲያይ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እንዲያመሳክር፣ ቀረጥ መከፈሉን እንዲያረጋግጥና ውሉን ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ፊት እንዲፈርም ነገርኩት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚያገኘው አገር ውስጥ ካሉት ብቻ መሆኑንም አከልኩለት። ሕጉ ይኸው ነው። ማን እንደሚጠግናት ግን ሕጉ አይነግረውም።

በዚህ አጋጣሚ ወደ አእምሮዬ የመጡት አገራችን የመጀመሪያውን መኪና ስታይ በዙፋን ላይ የነበሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ያም መኪና የእንግሊዝ ሥራ ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የኃይለ መለኮት ልጅ፣ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። እሳቸው ከመወለዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በካፒቴን ሐሪስ የተመራ የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን ለአያታቸው መድፍና ጠመንጃ በስጦታ አምጥቶ ነበር። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ሞቱ፤ እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ተማርከው ተወሰዱ። መቅደላ ላይ በምርኮ ያደጉት ልጅ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ እስኪገቡ ድረስ፣ የጋፋት ሚሲዮናውያንን መድፍ የሚያሠሩትንና የአውሮፓ ባለሙያ አጥብቀው የሚሹትን ንጉሠ ነገሥት በቅርብ አይተዋል። መሣሪያ በስጦታ ይገኝ ይሆናል፤ የሚሠራው እጅ ግን በስጦታ አይመጣም።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይነገራል። ከውጭ ማስመጣቱ ይረክሳል ቢላቸውም እዚሁ ተሠርቶ ማየት ፈለጉ፤ እሱም ሠራው ይባላል። ነገሩ በትክክል እንደሚተረከው ይሁን አይሁን፣ የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። በዘመናቸው የጎበኟቸው የውጭ ሰዎችም ለማናቸውም ማሽን የነበራቸውን የማወቅ ጉጉት ደጋግመው ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የሚታወቅ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረጉ። በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ውል ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ስልክ፣ ፖስታ፣ ባንክና ትምህርት ቤት ተከታትለው መጡ።

እዚህ ላይ ግን ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ ምኒልክ የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። የሲዳማ ምድር በግዛታቸው ሥር የገባው በስጦታም በምርጫም አይደለም። በጦር ተይዞ ለገባርነት ሥርዓት ተዳርጓል። የገባሩ ጉልበትና እህል ለሹሙና ለነፍጠኛው ይሄድ ነበር። ሥልጣኔውን የምናወድስ ከሆነ ሸክሙን ማን እንደተሸከመም ልንናገር ይገባል። በማሽኖቹ ላይ የታየውም ይኸው ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለው ግዙፍ የእንፋሎት ማሽን አዲስ አበባ የገባው ብዙ ሰው እየጎተተው ነው። የሰውን ጉልበት ሊያቀል የመጣ ማሽን በሰው ጉልበት ተጎትቶ ገባ ማለት ነው።

1900 ዓ.ም. ደረሰ። ያን ዓመት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባ። ለመኪና የሚሆን መንገድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ይህ ቀላል ጉዞ አልነበረም። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ ስለዚሁ ጉዞ በ1913 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ፍርሃት ተሳፍረው ሞከሩት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ።

ሁላችንም የምናስታውሰው መኪናውን ነው። እኔ ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. የወጣ አንድ አዋጅ ይበልጥብኛል። ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን፣ ነጋዴውን በሥራው ምክንያት መስደብ ከለከሉ። ተሳዳቢው ንጉሡን ራሱን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና በእስራት እንደሚቀጣ አስነገሩ። ሥራ የሚያውቅ ሰው በስድብ ምክንያት ሙያውን ከተወው አገር ባዶ እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር። በዘመኑ የነበሩት መካኒኮችና ግንበኞች በአብዛኛው አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ቀጥቃጭ ማረሻና ጦር እየሠራ ቡዳ ይባል ነበር። መኪና ቢመጣ ማን ይጠግነዋል?

አዋጁ የታሰበለትን ያህል አልሠራም። ሕግ አፍ ሊያዘጋ ይችላል፤ የጋብቻ ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር ግን ሰሚ የለውም። ንጉሠ ነገሥቱም ጊዜ አላገኙም። በዚያው ሰሞን ጤናቸው እየታወከ ሄደ፤ በ1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ብርቱ ሕመም ከመንግሥት ሥራ አራቃቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ከሕዝብ ተሰወረ። የተዋዋሉበት ባቡር አዲስ አበባ የገባው እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ባለፈው ቅዳሜ መኪናዋን ለማየት ከአንድ መካኒክ ጋር አብረን ሄድን። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ተኛና ዝገቱን በጠመንጃ መፍቻ እየወጋ ሞከረ። ቴስታታውን ከፍቶ ፒስተኖቹን አየ። ካርቡራተሩ ይታጠባል፣ የፍሪሲዮን ሸራው ይቀየራል፣ ወለሉ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል፣ ያልተገኘው ዕቃ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል አለ። የሞተሩን ዓይነት በድሮ ሞሪስና ኦስቲን ስለሚያውቀው አልፈራትም። ስንት ወር እንደሚፈጅበትም በጣቱ ቆጥሮ ነገረን።

ወዳጄ ስለ መኪናዋ ዋጋ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከራክሮ፣ ስለ መካኒኩ የእጅ ዋጋ ግን ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። መካኒኩ የጠራው ዋጋ ሲበዛበት እዚያው ቆሞ ለብሎን ማሰሪያ ይህን ያህል እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ሰውየው ዝም ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ይኸው መቶ ምናምን ዓመት አለፈው፤ ስድቡ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ለወዳጄ የመጨረሻ ምክሬ የሕግ ምክር አይደለም። መኪናዋን ይግዛ፤ ቆንጆ ናት፣ ከዝገት መትረፍም ይገባታል። ነገር ግን አስቀድሞ ከመካኒኩ ጋር ተቀምጦ የሥራ ውል ይጻፍ፣ ክፍያውንም በየደረጃው ይክፈል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቱታ ለብሶ ከጎኑ ይሥራ። ይህን ካላደረገ መኪናዋ ከአንዱ ግቢ ላስቲክ ወደ ሌላው ግቢ ላስቲክ ብቻ ትዛወራለች። ያኔ ደግሞ እንደ ሰርኪስ ባቡር የሚጎትታት ሰው መፈለጋችን ነው።