ሐኪም ወርቅነህን ያወቃቸው ዘመድ

እዚህ አዲስ ቅዳም ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም፣ አብሮ የሚያድረውም ዘመድና ጎረቤት ነው። በመሆኑም ዘንድሮ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ በአጭሩ ልናወጋችሁ ወደድን።

ሐኪም ወርቅነህ ጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለዩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸውና ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሽለው በበርማ ሠሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛው ጠፍቶባቸው ነበር። አያታቸው ግን በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ያ ሁሉ ትምህርት ያልሰጣቸውን፣ ማን እንደሆኑ የነገሯቸው ዘመድ ናቸው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ፋሽስት ኢጣልያ ሁለት ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ገደለባቸው። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት እንደተወሰደ የሚያውቀው አስታማሚ ነው። ሁላችንም ከምንንጫጫ አንድ ሰው መርጠን ሳንደብቅ እናስረዳ። በሽተኛው መናገር ከቻለ ግን አፉን አንንጠቀው። እድር እኮ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ከቀብር በፊትም ሥራ አለን።