ወጋየሁ ንጋቱ በእኛ ሰፈር



በዚህ መጽሔታችን ላይ በየዓመቱ ከመካከላችን የተለዩትን ወገኖቻችንን ስም እናወጣለን፤ ነፍስ ይማር እንላለን። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ደግሞ ከታወቁ ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙም አላሰብኩ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ሰው ስሙ በእድራችን መዝገብ ላይ የለም። አንድም ቀን መዋጮ አልከፈለም፤ ድንኳን ሲተከልም ካስማ አልያዘም። ነገር ግን በማንኩሽ ስንት ቤት ገብቶ አብሮን አምሽቷል። እሱም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጣቶቻችን ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን ላታውቁት ትችላላችሁና ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ወጋየሁ በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ዙሪያ ከተሰባሰቡት ወጣቶች አንዱ ነበር። ከጓደኛው ከደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ሄዶ የቴያትር ሙያ ተማረ። ደበበ በኋላ እኛው አገር በተቀረጸው «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ እስከ መሥራት ደርሷል። ወጋየሁም አገሩ ተመልሶ በመድረክ ሥራው ታወቀ፤ በተለይ ስሙ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴያትሮች ጋር አብሮ ይነሳል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነበር? ቴያትር ማለት ያኔ አዲስ አበባ ነው። ጉባ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ ሥር ያለች የቆላ አገር ነበረች፤ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር በወሬ እንጂ በዓይናችን አናውቅም። ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ በወረዳችን፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያኔ ግን በሰፈራችን የነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል በአንዲት ራዲዮ ውስጥ ያሉት አራት ባትሪ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ።

ራዲዮዋ የጎረቤታችን የአንድ ሽማግሌ ነበረች። እኛ ልጆች አባባ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ መስኮታቸው እሷው ነበረች። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ አንዳንዴም በጥርሴ ነከስ አድርጌ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

በ1970ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማስተላለፍ ጀመረ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አንባቢው ወጋየሁ ንጋቱ። ሰዓቱ ሲደርስ የአባባ ደጅ በሰው ይሞላል፤ ሴቶች እህል እየለቀሙ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ልጆች መሬት ላይ ተኮልኩለው።

ገና ሲጀመር አንድ ነገር ሆነ። ታሪኩ የሚነሳው ከማንኩሳ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች አገር። ማንኩሳ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለች፣ ከእኛ ብዙ የራቀች አገር ናት። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ማንኩሽ ብሎ ሰማ። ምን ልበላችሁ! በማግስቱ የበዛብህ አባት ቤት የት ጋ እንደነበር የሚያሳዩ ሰዎች ተገኙ። መምህራችን ስህተቱን ለማረም ቢሞክሩም የሰማቸው የለም። እንዲያውም ነገሩ በጀን፤ በዛብህን እንደ ሰፈራችን ልጅ ተከታተልነው።

የወጋየሁ ሙያ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ሆኖ ያን ሁሉ ሰው ያመጣል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ደረታቸው ሲነፋ ይታያችኋል። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ድምፁ ላይ ንቀትም ሐዘንም አለበት። ሰብለ ወንጌልን ሲያነብ እንደ ሴት ለመጮህ አይሞክርም፤ ቃሉን ያለሰልሰውና ትንፋሹን ይቀንሳል፣ ያኔ ልጅቱ ትመጣለች። አንድ የጉሙዝ ጎረቤት ነበረን፤ አማርኛው ገና ብዙም አልገባለትም። ግን ከእኛ ጋር እየመጣ ያዳምጥ ነበር። አሁን የሚናገረው ማን ነው ብለን ስንፈትነው አንድ ቀን እንኳ አልሳተም። ቃሉ ባይገባውም ሰውየው ገብቶታል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ ይህን ያህል የሚያውቅ ተዋናይ ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

አባባ በጣም የሚወዱት ጉዱ ካሣን ነበር። በፊታውራሪ መሸሻ ይስቃሉ፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ግን ሰው ሁሉ ዝም እንዲል በዘንጋቸው መሬቱን ይመታሉ።

ታሪኩ ሳያልቅ አባባ አረፉ። እድሩ እንደ ወጉ ድንኳኑን ጣለ፤ ቀበርናቸው። በሰልስቱ ማታ የዝግጅቱ ሰዓት ደረሰ። በልቅሶ ቤት ራዲዮ መክፈት ነውር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ማንም አላነሳውም። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ሟቹ ያቺን ማታ ሲጠብቁ እንደነበር፣ በመጨረሻ ቀናቸው እንኳ ሰዓቱን እየጠየቁ እንደነበር ተናግረው፣ ራዲዮዋ በዝግታ እንድትከፈት ለመኑ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ተቆጡ፤ የሐዘን ቤት የጨዋታ ቤት ሊሆን ነው ወይ አሉ። እውነትም ነበራቸው። ሌሎቹ አቀርቅረው ዝም አሉ። ቆየት ብሎ የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞረው በራሳቸው ምልክት ሰጡኝ።

ራዲዮዋን ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ከፈትኳት። የወጋየሁ ድምፅ ከጋቢው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ሙሾ የለ፣ ወሬ የለ፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ። የተቆጡት ሽማግሌ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲያልቅ የአባባ ባለቤት ማንንም ሳይጠሩ፣ ይኸው ሰማህ አይደል ብለው ለባላቸው ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ እስኪፈጸም ድረስ አንድ ቀን አልቀሩም። እሑድ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ የሳምንቱን ታሪክ እንደሚያወሩላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወጋየሁ ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ሙያው በበሰለበት ዕድሜ ሞተ። ወሬውን በሰማን ጊዜ ለእኒያ እናት ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ከመካከላቸው የሞተው የትኛው እንደሆነ ነው። ጉዱ ካሣ ነው ወይስ በዛብህ? ሁሉም አንድ ሰው እንደሆነና እሱም እንደሞተ ሳስረዳቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንደ ዘመድ መርዶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ሲያነቡ ያየኋቸው ሰው የማያውቁትንና መልኩን እንኳ ያላዩትን ሰው ነው። ግን አያውቁትም ማለት ይቻላል እንዴ? በሐዘናቸው ማታ ቤታቸው የነበረ ሰው ነው።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በ1996 ዓ.ም. አረፉ። የወጋየሁ ድምፅ ግን አለ። ንባቡ በየጊዜው በራዲዮ ሲደገም ኖሯል፤ ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው ያዳምጡታል። በቀደም የልጅ ልጄ ሲያዳምጥ ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር፣ ሳላስበው ዝም በሉ ብዬ መሬቱን በዱላዬ መታሁ። ለካ አባባን ሆኛለሁ!

ውድ አባላት፣ ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ጥፋት ስንቱ ጎረቤት ተበታተነ፤ አብረውን ይሰሙ ከነበሩት ውስጥ ዛሬ የት እንዳሉ የማላውቃቸው አሉ። የእድራችን መዝገብ ስምና ብር ይዟል፤ የማንንም ድምፅ ግን አልያዘም። የአባባን ድምፅ ዛሬ ልስማ ብል ከየት አመጣዋለሁ? የማላውቀውን የወጋየሁን ድምፅ አገኛለሁ፤ ያሳደጉኝን የእሳቸውን ግን የለኝም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስልክ የሌለው ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ወጣቶቻችን በየቤቱ ያሉትን አዛውንት፣ በአማርኛም በጉሙዝኛም፣ የሚያውቁትን ተረትና የሰፈሩን ታሪክ እያናገሩ ይቅረጹ። የእድሩ ጸሐፊ ቅጂውን ከመዝገቡ ጋር ያኑር። ወጪ የለውም፤ ቅጣትም መዋጮም አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንነጋገርበት።

ለወጋየሁ ንጋቱ፣ ለአባባና ለባለቤታቸው፣ ለሌሎቹም ወገኖቻችን ሁሉ ነፍስ ይማር።