ጠባሳውን ያወቁት አያት

ዲቾቶ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በማንዳና በቡሬ ወደ አሰብ። የአሰቡ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ጭር ያለ ነው፤ የጅቡቲው ግን ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና አያጣም። ኢኮኖሚክስ ተመርቆ ቋሚ ሥራ ያላገኘ ሰው መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞርን ያውቃታል፤ እኔም አካባቢውን የለመድኩት በዚያ ሰበብ ነው። መጠይቁ ውስጥ ባለፈው አንድ ወር ታመው እንደሆነ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ወባ ኮድ አለው፣ ተቅማጥ ኮድ አለው፣ የመኪና አደጋ ኮድ አለው። እንቅልፍ እምቢ ካለው ወራት ለሆነው የመኪና ረዳት ግን ኮድ የለም። ጓደኛው ባሕሩን ሊሻገር ሄዶ ድምፁ ለጠፋበት ልጅም የለም። ሌላ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን።

የጠናበት ሰው ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ይወሰዳል። በ2014ቱ ጦርነት ቁስለኛውም፣ ከቤቱ የተፈናቀለውም፣ በረሃብ የከሳው ሕፃንም የጎረፈው ወደዚያው ነበር። ሆስፒታል ቁስል ይሰፋል፣ ደም ይሰጣል፣ ወባ ያክማል፤ ከዚያ የመውጫ ወረቀት ይጽፋል። እኔን የሚከነክነኝ ከወረቀቱ በኋላ ያለው ነው። ድኗል ተብሎ ከበሩ የወጣውን ልጅ ማን ይቀበለዋል? ወዴትስ ነው የሚሄደው?

ይህ ነገር በሐሳቤ ሲመላለስ ሁሌ አብረው የሚመጡብኝ ሰው አሉ፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዶክተር ተብለው ነው። ልክ ነው። ግን ታሪካቸውን እንደ ሐኪም ታሪክ ሳይሆን፣ ለማገገም ሠላሳ ዓመት እንደፈጀበት ታካሚ ታሪክ ብናነበው ሌላ ነገር ይታያል።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለደ። በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን ቤተሰቡ መቅደላ ላይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ገባ፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። በዚያ ትርምስ መሐል አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ልጅ ከዘመዶቹ ተለየ። የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙት፤ ኮሎኔል ቻምበርሊን የሚባለው መኮንንም ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። አገሩን፣ እናቱን፣ ቋንቋውን፣ ስሙን በአንድ ሰሞን አጣ ማለት ነው።

ከዚያው ተራራ የወረደ ሌላም ልጅ ነበር። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ጦሩን ተከትለው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። አለማየሁን የተረከበው አማርኛ የሚችለው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እንግሊዝ አገር ወሰደው፣ በኋላም ለሥራ ወደ ህንድ ሲላክ ይዞት ሄደ። ሁለቱ የመቅደላ ልጆች ሳይተዋወቁ ለጥቂት ጊዜ አንድ አገር ላይ ነበሩ። ከዚያ የእንግሊዝ መንግሥት ልዑሉ በሥርዓት መማር አለበት ብሎ በ1871 እ.ኤ.አ. ከስፒዲ ለየው። እስቲ ይታያችሁ፤ በዙሪያው ካሉት ሁሉ ቋንቋውን የሚያውቅለትን አንድ ሰው ነው የወሰዱበት። አበል አልጎደለበትም። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታስብለት ነበር። በአገሩ አሉ የተባሉት ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያ የጦር አካዳሚ ገባ፣ አንዱም አልሆነለትም። በ1879 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር።

ሳንባውን የገደለው ብቸኝነት ነው ልል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ግን ለዚያ ልጅ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ አንዲት ሳንቲም እንኳ ከዘመዶቹ ጋር ለማገናኘት አልወጣችም። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች አንድ ነገር ሲመረጥ የሚቀረውን መቁጠር እንወዳለን። እዚህ ላይ የቀረው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወደ ወርቅነህ ልመለስ። ቻምበርሊን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጁ አምሪትሳር ባለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲያድግ ወጪውን የሸፈነው ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ነበር። ስሙም ከሁለቱ ተቀናጅቶ ቻርለስ ማርቲን ሆነ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። በ1882 እ.ኤ.አ. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ በኋላ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ፤ ከዚያ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በርማ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዝ አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ጤና አለ። አንድ የዛሬ መጠይቅ ይዤ ብሄድበት ሁሉንም ሳጥን ሞልቶ፣ ምንም አልጎደለበትም ብዬ ፈርሜ እወጣ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አድዋ ላይ አሸነፈች። ወሬው በርማ ድረስ ሄደ። ዶክተር ማርቲን የአገሩን ስም ጋዜጣ ላይ አየና ልቡ ተነሳ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈቃድ ወስዶ በባሕር መጣ። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ዶክተር ናቸውና።

አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። በአስተርጓሚ እያወሩ፣ ድንኳን ተክለው፣ ሳያስከፍሉ ሕመምተኛ ያዩ ጀመር። ህንድ ያደገ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ሐበሻ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ ከተማውን አዳረሰው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ፣ ያየውንና የሰማውን ሳያዛባ ተቀባብሎ ነው የሚለያየው፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ጠፋ፣ ማን ተገኘ። የሸገር ሰውም በዚያን ጊዜ የራሱ ዳጉ ነበረው መሰለኝ፤ ወሬው በመጨረሻ ልጅ ልጃቸው መቅደላ ላይ የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ።

አሮጊቷ መጡ። ልጁ በሕፃንነቱ ያገኙትን ጠባሳዎች፣ የእጁንም የእግሩንም፣ ቦታቸውን ለይተው ያውቃሉ። ታዩ፤ ጠባሳዎቹ እዚያው ነበሩ። ሰውየው በዚያች ቀን የማን ልጅ እንደሆኑ አወቁ፤ ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ተመለሰላቸው።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ጠባሳው ነው። ሐኪም ጠባሳ ሲያይ የዳነ ቁስል ነው የሚያየው፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። አያቲቱ ግን እዚያው ጠባሳ ላይ ያዩት የጠፋ ልጃቸውን ነው። ለዚህ ደግሞ ላሆርም ኤድንብራም የሚሰጡት ትምህርት የለም፤ ልጁን ከማደጉ በፊት ያወቀ ሰው ብቻ ነው የሚችለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ቀጥ ያለ አልነበረም። ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፣ እንደገና መጡ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት አዲስ አበባ ነበሩ፣ ንጉሡንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አገቡ፣ ብዙ ልጆች ወለዱ። ደግሞ ወደ በርማ ሄዱ። ጡረታቸውን አስከብረው ለመኖር የመጡት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የየዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ የሚጽፉትም ባደጉበት ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ። አንዳንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል።

ከተመለሱ በኋላ ግን በሕክምና ብቻ አልተወሰኑም፤ የኔን ትኩረት የሳበውም ይሄ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። የመማሪያ መጽሐፍ ሲታጣ የዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ አዘጋጁ፤ ያኔ አስተርጓሚ ይዘው የመጡት ሰው ማለት ነው። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር አሜሪካ ሲላኩም፣ ሐርለም ያሉ ጥቁር ባለሙያዎች መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ከባርነት ለወጡ ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት አለ። በ1916 ዓ.ም. ባሪያን ነጻ የሚያወጣው አዋጅ ወጣ። አዋጅ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከየት እንደተወሰደ የማያስታውስ፣ ቋንቋውን የረሳ፣ ዘመድ የሌለው የአሥር ዓመት ልጅ የነጻነት ወረቀት ቢሰጠው በማግስቱ የት ይሄዳል? ብዙዎቹ የሚሄዱበት አጥተው ወደ ጌቶቻቸው ደጅ ይመለሱ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እነዚህ ልጆች የሚያድሩበት፣ ፊደልና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ቦታ እንዲኖር ደከሙ። እኚህ ሰው ለዚህ ሥራ የተጉት በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ በሰው ስም ማደግን ከሚያውቅ ሰው በላይ ማን ይገባዋል? ዛሬ ቢሆን የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ መልሶ ማቋቋም፣ ምናምን ብለን በፕሮጀክት ሰነድ እንጽፈው ነበር። ያኔ አልጋ፣ እንጀራ፣ አስተማሪና ሙያ ነበር። ያለነዚህ ደግሞ ምክር ብቻውን የትም አያደርስም።

ቀጥሎ ጨርጨርን ገዙ፤ ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣው የአስበ ተፈሪ አገር ነው። ግዛቱ ለሌላው ሞዴል እንዲሆን የታሰበ ነበር። መንገድ አስጠረጉ፣ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው በደመወዝ ሹመት ሰጡ። ሥራ ያጣ የተማረ ወጣት ምን እንደሚሰማው ለምናውቅ ሰዎች ይህ የአስተዳደር ማሻሻያ ብቻ አይደለም።

ከጨርጨር ቆላውን ይዞ ወደ ሰሜን የሚኬድበት አገር፣ ዛሬ እኔ መጠይቅ ይዤ የምዞርበት አገር፣ ሐኪም ወርቅነህ በግድ መገንባት የነበረባቸው ነገር ገና አልፈረሰም። ዳጉ አለ። የዕድሜ እኩዮች ተሰባስበው ለአባሎቻቸው የሚቆሙበት፣ ያጠፋውን የሚቀጡበት፣ የተቸገረውን የሚደግፉበት ፊማ የሚባል ማኅበርም አለ። በአገራችን ለብዙ ዘመን ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሲሆን፣ ከዲቾቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ ዱብቲ ላይ ከሆስፒታል የሚወጣውን ልጅ ፊማ ካለው ለፊማው መሪ ብታስረክበው፣ ክትትሉም በዳጉ ቢደርሳት ወጪው ስንት ነው? እኔ ባሰላው ባሰላው ከአንድ አምቡላንስ ጎማ አይበልጥብኝም። ከመሐል አገር መጥቶ ዲቾቶ ላይ የቀረው የመኪና ረዳት ግን ፊማ የለውም፤ ለሱ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት፤ ምናልባት እንደዚያ ትምህርት ቤት አልጋና ሙያ ያለው ቦታ።

የሐኪም ወርቅነህ መጨረሻ ቀላል አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ሰባ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። እንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ደግሞ አገር ቤት ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘመቱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች የተማረ ወጣት እያደኑ ሲፈጁ ሁለቱም ተገደሉ። አባት መርዶውን የሰሙት በስደት ላይ ሆነው ነው። በሕፃንነታቸው ጦርነት ከወላጆቻቸው ነጠላቸው፤ በእርጅናቸው ሌላ ጦርነት ልጆቻቸውን ወሰደባቸው።

ከድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. አረፉ። ከመቅደላ ጦርነት 84 ዓመት በኋላ፣ በአገራቸው አፈር፣ ወርቅነህ ተብለው። አለማየሁ አሁንም ዊንዘር ነው። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።